የመዝሙር ክፍል እንዴት ይቋቋማል? እንዴትስ ይቆያል?



ባለፈው ክረምት ከየዩኒቨርሲቲያችን ተመልሰን ጭሮ በገባን በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መዝሙር ክፍላችን ሄድን። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። በሩ ሲከፈት ከበሮው ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ የአንደኛውን አፍ ቆዳ አይጥ በልቶታል። በብዙ ልመና ገንዘብ አሰባስበን ያሰፋነው የመዝሙር ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ማዕዘን ላይ ወድቋል። የድምፅ ማጉያው አቧራ ለብሷል።

ይህን ክፍል ያቋቋምነው እኛው አራት ጓደኛሞች ነበርን፤ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን። በአንድ ዓመት ውስጥ 36 ዘማርያን ሰበሰብን። በጥምቀት ዕለት አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰን ታቦት ስናጅብ ሕዝቡ መረቀን፤ እኛም ሥራው የተፈጸመ መሰለን። ከዚያ አራታችንም ፈተናውን አልፈን በየአቅጣጫው ሄድን። በመስከረም ሄድን፤ በኅዳር ልምምዱ ቆመ።

በመጀመሪያ የወቀስነው የቀሩትን ልጆች ነበር። «ወጣቱ ሰነፈ፤ ስልክ ወሰደው» አልን። ነገሩን ስንመረምረው ግን ጥፋቱ የእኛ ሆኖ አገኘነው። ዜማውን የሚያውቀው አንዱ ጓደኛችን ብቻ ነበር። ከበሮ የሚመታውም አንድ ነበር። ገንዘቡንና ቁልፉን የሚይዘውም እንደዚሁ። ለ36ቱ ልጆች መዝሙር አጠናናቸው እንጂ ማስጠናትን አላስተማርናቸውም።

ስለዚህ ይህን ትምህርት የምንጽፈው እንደ አዋቂ ሳይሆን ስሕተታቸውን እንዳዩ ወንድሞችና እኅቶች ነው። የሂርና፣ የበዴሳ፣ የገለምሶና የሚኤሶ ወጣቶች፣ እንዲሁም በየትምህርት ቤቱ የሥነ ጥበብ ክበብ ያላችሁ፣ ከእኛ ስሕተት ትማሩ ዘንድ የደረስንበትን ከዚህ በታች በተራ እናቀርባለን። ጠቅላላ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ይኸውም የመዝሙርም ሆነ የሙዚቃ ክፍል የሚለካው በዘማሪው ብዛት ወይም በልብሱ ማማር ሳይሆን፣ ሌላውን ማስተማር የሚችሉ ስንት ሰዎች እንዳፈራ ነው።

1ኛ/ የቀደሙት አባቶች ዜማን እንዴት አቆዩት?

የዜማ ትምህርት በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የዜማውን መጀመሪያ በ6ኛው መቶ ዘመን ከነበረው ከአክሱሙ ሊቅ ከቅዱስ ያሬድ ያደርሰዋል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች በእርሱ ይጠራሉ። ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ሲያርፍ፣ አንድ ትል ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን ሲወጣ አይቶ መመለሱን ሁላችንም እንተርካለን። ታሪኩን ስናወራ የምናደንቀው የትሉን ትጋት ነው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ያሬድ ሲመለስ የሚቀበለው መምህር ነበረ። መምህሩ አባ ጌዴዎን በቦታቸው ባይኖሩ ኖሮ የትሉ ምሳሌ ለምን ይጠቅመው ነበር?

ከያሬድ በኋላ ዜማው ከአሥር መቶ ዓመታት በላይ ተጉዞ እኛ ዘንድ የደረሰበት መንገድም ይህንኑ ያሳያል። የዜማ ቤት ሥርዓት እንዲህ ነው፤ መምህሩ ሁሉንም ተማሪ በየቀኑ ብቻቸውን አያስተምሩም። የበሰሉት ደቀ መዛሙርት ታናናሾቻቸውን ያስቀጽላሉ፤ ማታ የተቀበሉትን ጠዋት ለሌላው ያሻግራሉ። እንዲህ እያለ ተማሪው ገና በትምህርት ላይ ሳለ መምህርነትን ይለማመዳል። ትምህርቱን የሚፈጽመውም በታወቀ ቦታ ተመስክሮለት ነው፤ ድጓን በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ። የተመሰከረለት ሰው ወደ አንዱ ደብር ሄዶ ራሱ ጉባኤ ይተክላል። ስለዚህ አንድ መምህር ቢያርፍ ዜማው አብሮት አይቀበርም።

ሌላም አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን በነበረው ጦርነት ብዙ መጻሕፍትና ሊቃውንት ጠፉ። ከዚያ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያልን የምንጠራቸው ከቃሉ በላይ የሚጻፉ ምልክቶች ናቸው። በቃል ብቻ የተያዘ ነገር በመከራ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ስላዩ ጻፉት። እኛ ግን አንድም መዝሙር በደብተር ሳንጽፍ ሁሉን በአንድ ጓደኛችን ስልክ ላይ አኑረን ነበር። ስልኩ ከባለቤቱ ጋር ሄደ፤ መዝሙሩም ከስልኩ ጋር።

2ኛ/ በባቡር ያለፈው የሙዚቃ ቡድን

ለዘመናዊው ሙዚቃ ደግሞ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለን። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም የናስ መሣሪያ የሚነፉ ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። ልጆቹ በአርመን ሕዝብ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ በሙዚቃቸው ተደስተው አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉትም እነዚህ ናቸው። በዚያን ዘመን ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ዋና መንገድ የምድር ባቡሩ ነበረ። ሐዲዱም በእኛው በሚኤሶ ያልፍ ነበር።

አርባው ልጆች የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ጓዱ ግን ለብዙ ዘመን አልቆየም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተበተነ። ታዲያ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ስለ ምንድን ነው? መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በሀገሩ ቀርተው ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ስለ ቀጠሉ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን የደረሱት እርሳቸው ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ከእርሳቸውም በኋላ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ብዙ ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል። ተዘጋጅቶ የመጣው ጓድ ተበተነ፤ ያስተማሩት መምህራን ፍሬ ግን ቀረ። እኛም በጥምቀት ያሳየነው ሰልፍ እንደ ጓዱ ሆኖብናል፤ የሚቀር ነገር አልተከልንም።

3ኛ/ ከቅርባችን ያሉ ሌሎች ምሳሌዎች

ሀ/ አፍረን ቀሎ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በድሬዳዋ የኦሮሞ ወጣቶች «አፍረን ቀሎ» የተባለ የሙዚቃ ቡድን አቋቁመው በሠርግና በበዓል በአፋን ኦሮሞ ይዘፍኑ ነበር። በመንግሥት በኩል ጥርጣሬና ጫና ደረሰባቸው፤ ቡድኑም ተበታተነ። ነገር ግን በታዳጊነቱ ከመካከላቸው ገብቶ ከታላላቆቹ የተማረው ዓሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ያንን ዜማ ተሸክሞ ኖሯል። ከዚህ የምንማረው፣ ክፍላችን ታላላቆችን ብቻ ቢይዝ ከታላላቆቹ ጋር እንደሚያልፍ ነው። ደግሞም ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲዘምር ልቡ ቶሎ ይከፈታል። በእኛ ከተሞች ብዙ ልጆች በቤታቸው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው፤ እኛ ግን በመጀመሪያው ዓመት አንድም የአፋን ኦሮሞ መዝሙር አላስጠናንም ነበር።

ለ/ በገና። ዐሥር አውታር ያለው በገና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህር ዓለሙ አጋ ያስተምሩት ነበር። በደርግ ዘመን ትምህርቱ ሲቋረጥ ብዙዎች በገና አበቃለት አሉ። የሚያውቁት ሰዎች ግን ዕውቀቱን ይዘው ስለ ቆዩ፣ ዘመኑ ሲለወጥ ወጣቶች ከእነርሱ ሥር ተቀምጠው እንደገና ተማሩ። ዛሬ በብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች በገና ይደረደራል። መሣሪያ ቢጠፋ ይሠራል፤ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ግን መተካቱ ከባድ ነው።

ሐ/ ከውጭ ሀገር። በቬንዙዌላ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. የወጣቶች ኦርኬስትራ ሲጀምሩ ለመጀመሪያው ልምምድ የተገኙት 11 ወጣቶች ብቻ ነበሩ፤ የተሰበሰቡትም በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። ሥራው አድጎ በመላ ሀገሪቱ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ልጆችን አቅፏል። ከሥርዓታቸው አንዱ፣ ትንሽ የቀደመው ልጅ ትንሽ የዘገየውን ያስተምራል የሚል ነው። እኛ ይህን ስናነብ ገርሞን ነበር፤ ኋላ ስናስበው ግን የዜማ ቤታችን ሥርዓት ራሱ ሆኖ አገኘነው።

4ኛ/ አንድን ክፍል ለማቋቋምና ለማቆየት የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሀ/ ከሁሉ አስቀድሞ ሊቁን መጠየቅ። እኛ ዜማን ከስልክ ስንቀዳ፣ ከአጥቢያችን መሪጌታ ቤት እስከ መዝሙር ክፍሉ ያለው መንገድ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሄደን አልጠየቅናቸውም። ባለፈው ክረምት አፍረን ስንሄድ «መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉን፤ ሳንጠይቅዎ ጀምረን ሳንጠይቅዎ አፈረስነው» አልናቸው። እርሳቸውም «ልጆቼ፣ እኔ በየእሑዱ እሰማችሁ ነበር። ከበሮው ይቸኩል ነበር፤ ግን ያልጠየቀን ሰው ማረም ከባድ ነው» አሉን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሳምንት አንድ ሰዓት ሰጡን።

ለ/ ቀንና ሰዓት መወሰን። የልምምድ ቀን ከከተማው የገበያ ቀን ጋር መጋጨት የለበትም፤ ብዙ ልጆች በዚያን ቀን ወላጆቻቸውን ያግዛሉ። ቡና በሚለቀምበት ወራትና በፈተና ሰሞን ልምምዱን ማሳጠር እንጂ ማቆም አያስፈልግም። እኅቶቻችን ሳይመሽ ቤታቸው እንዲገቡ ልምምዱ ከ11 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። በየወሩ አንድ ጊዜ ወላጆች መጥተው ቢያዩ ልጃቸውን በደስታ ይልካሉ። ለጎረቤትም መጠንቀቅ ይገባል፤ ከበሮ በሌሊት መምታት ፍቅር ያጠፋል።

ሐ/ የልምምዱ አካሄድ። በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ትንፋሽንና ድምፅን ማለማመድ፤ ቀጥሎ ባለፈው ሳምንት የተጠናውን መድገም፤ ከዚያ አዲሱን መዝሙር ቃሉን አንብቦ ትርጉሙን ማስረዳት፤ በመጨረሻ ዜማውን ስንኝ በስንኝ መቀበል። መሪው ለራሱ ድምፅ በሚመቸው ከፍታ መጀመር የለበትም። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሕፃናቱ ይጨነቃሉ፤ ከፍ አድርጎ ከጀመረም ይጮኻሉ። ሕፃናቱን አስቀድሞ ሰምቶ ለእነርሱ በሚስማማው መጀመር ይገባል። ድምፁ የማይሰምርለትንም ልጅ «አንተ ውጣ» ማለት አይገባም፤ ከጎበዝ ዘማሪ አጠገብ ሲቆም ጆሮው ይገራል።

መ/ መሣሪያ። ከከበሮ፣ ከጸናጽልና ከመቋሚያ መጀመር በቂ ነው። የከበሮ ቆዳ በዝናብ ወራት ይላላል፤ ፀሐይ ላይ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጎ ደረቅ ቦታ መስቀል ያስፈልጋል። አንድ ከበሮ መቺ ብቻ ያለው ክፍል ከበሮ እንደሌለው ይቆጠር። ቢያንስ ሦስት ልጆች፣ ከእነርሱም አንዷ እኅት፣ መማር አለባቸው።

ሠ/ ገንዘብ። እኛ በመጀመሪያ ልብስና ድምፅ ማጉያ ገዛን፤ ለደብተር ሳንቲም አልተረፈንም። ቅደም ተከተሉ መሆን የሚገባው ደብተር፣ ከበሮ፣ ለመምህር የመጓጓዣ፣ በመጨረሻ ልብስ ነው። የገባውና የወጣው በመዝገብ ይጻፍ፤ ገንዘብ ያዡና ሰብሳቢው አብረው ይፈርሙ፤ በየሦስት ወሩም ለአባላት ይነበብ። ስለ ገንዘብ ሐሜት የገባበት ክፍል ዜማው ቢያምር እንኳ አይቆይም።

ረ/ ተተኪ። እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሰው ይኑረው፤ አንደኛው ከሌላኛው ቢያንስ በሦስት ዓመት ይነስ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብቻውን ኃላፊ አይሁን፤ በዓመቱ እንደሚሄድ የታወቀ ነውና። ቁልፉም በሁለት ሰው እጅ ይሁን።

5ኛ/ ባለፈው ክረምት ያየነው

ከላይ ክፍሉ ቆመ ብለናል፤ ፈጽሞ አልሞተም ነበር። በሁለተኛው እሑድ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ እኅታችን አንድ የተጠቀለለ ደብተር ይዛ መጣች። በልምምድ ጊዜ ማንም ሳያዛት የመዝሙሮቹን ቃል እየጻፈች ኖሯል፤ ድምፁ ከፍ በሚልበት ቃል ላይ ጭረት፣ ዝቅ በሚልበት ላይ ነጥብ አድርጋለች። ልምምዱ ከቆመ በኋላ በቤቷ ግቢ አምስት የሰፈር ልጆች ሰብስባ፣ የዘይት ጀሪካን እንደ ከበሮ እየመታች ስታስጠናቸው ከርማለች። እኛ ከ36ቱ ውስጥ እርሷን ከኋላ ረድፍ አቁመናት ነበር፤ ስሟን እንኳ ከመካከላችን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው።

ያን ክረምት ሥራውን የጀመርነው ከዚያ ደብተር ነው። መሪጌታ ዜማውን አረሙ። የተጻፉትን መዝሙሮች በአራት ደብተር ገለበጥናቸው፤ ሁለት የአፋን ኦሮሞ መዝሙሮችም ጨመርን። ለእያንዳንዱ መዝሙር ሁለት ልጆች «የዚህ መዝሙር መምህር አንተና አንቺ ናችሁ» ብለን ሰጠን። ከበሮውን በአዲስ ቆዳ አስለበጥን። ልብሱን ከማዳበሪያው አላወጣነውም።

ወደ ትምህርታችን ከመመለሳችን በፊት በነበረው እሑድ ለራሳችን አንድ ሕግ አወጣን፤ በልምምዱ ሁሉ ከኋላ ተቀምጠን አንድ ቃል ላንናገር። ልጆቹ ከበሮ ማን ይምታ ብለው ተጣሉ። የመጀመሪያውን መዝሙር ከፍ አድርገው ስለ ጀመሩ መካከሉ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። አንዱ ጓደኛችን ሊነሣ ሲል ነጠላውን ይዘን አስቀመጥነው። ልጆቹ ዝም ብለው ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ ያቺ እኅታችን ዝቅ አድርጋ ጀመረችላቸውና ሁሉም ተከተሏት። በዚያን ቀን ዝም ማለት መዝሙር ከማስጠናት ይልቅ ከብዶን ነበር።

ዘንድሮ ለጥምቀት ጭሮ መምጣት አልቻልንም። ከመካከላችን የአንዱ ወንድም በስልክ ቀርጾ ላከልን። ልብሳቸው የየቤታቸው ነጭ ነጠላ ነው፤ ሰልፋቸውም እንደ እኛ ጊዜ አልተስተካከለም። ግን ይዘምራሉ። ከዘመሯቸው ውስጥ አንዱን መዝሙር አራታችንም አናውቀውም። ከመሪጌታ ተምረው፣ እኛ ሳንኖር ያጠኑት ነው። እስከ ዛሬ በመዝሙር ክፍሉ ከሠራነው ሁሉ ያን የማናውቀውን መዝሙር ስንሰማ የተደሰትነውን ያህል የተደሰትንበት የለም።

ከተማችንን አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት የጻፉ ሰው ነበሩ። ጭሮ ኪነ ጥበብን ከሚያውቅ ሰው እጅ የተነሣች ከተማ ናት። ልጆቿም መዝፈንና መዘመር አያቅታቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ያወቁትን ለሌላው እንዲያቀብሉ የሚፈቅድላቸው ታላቅ ወንድምና ታላቅ እኅት ነው። እንግዲህ በዚህ ዓመት ለፈተና የምትቀመጡ ሁሉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ እሑድ ከኋላ ተቀምጣችሁ ዝም በሉ። ክፍላችሁ መቆም አለመቆሙን በዚያን ቀን ታውቁታላችሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በክፍላችሁ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ የትኛው ነው? ያ ሰው ነገ ቢሄድ ምን ይቆማል?
2. በአጥቢያችሁ ያሉትን የዜማ ሊቅ ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቃችኋቸው መቼ ነው?
3. መዝሙሮቻችሁ በደብተር ተጽፈዋል? ደብተሩስ በስንት ሰው እጅ አለ?
4. ከኋላ ረድፍ ካቆማችኋቸው ልጆች መካከል ስማቸውን የማታውቁት ስንት ናቸው?